ማድ ዶግ ገና ሳልደርስለት ይዘላል

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎት ስለ ጌም ስለሆነ እንዳይስቁብኝ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ቤት ባለው አሮጌ ዴስክቶፕ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ እንጫወታለን። ክረምት ላይ የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሴቩን፣ ማለትም ጨዋታው የደረሰበትን የሚያስቀምጠውን ፋይል፣ በፍላሽ ሰጠን። ላስ ቬንቹራስ የሚባለው የጌሙ ከተማ የደረሰ ነው። ደስ ብሎን ከሱ ቀጠልን። ማድ ዶግ የሚባለው ሚሽን ጋ ስንደርስ ግን ማድ ዶግ የሚባለው ሰውዬ ወዲያው ከፎቁ ይዘላል። እሱን የምቀበልበትን ካርቶን የጫነች መኪና ሳልነካት ሚሽኑ ያበቃል። ሁሌም እንደዚያው ነው። የአጎቴን ልጅ ‹ቫይረስ ያለበት ሴቭ ሰጠኸን› አልኩት። ‹እኔ ጋ ይሠራል፤ ኮምፒውተራችሁ ነው የማይረባው› አለኝ። አሁን አንነጋገርም።

በዚህ ላይ አባባ ላፕቶፕ ገዛልን። የጌሙን ፎልደር እንዳለ ገልብጠን ወሰድነው። መጀመሪያ ተከፍቶ ነበር፤ ግን ሎድ ጌም ስንል ስምንቱም ቦታ ባዶ ነው። ወንድሜ አለቀሰ። ከዚያ ሴቲንጉን ነካካሁት መሰለኝ፣ አሁን ጭራሽ አይከፈትም። ክሊክ ሳደርገው ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ዴስክቶፑን ደግሞ አባባ ሊሸጠው ነው። ምን ይሻለኛል? ጓደኞቼም ‹በሰው ሴቭ የምትጫወት› እያሉ ይስቁብኛል፤ ነውር ነው እንዴ?

ግራ የገባው፣ ከአዳማ»

ግራ የገባህ ወንድሜ፣

ሌላውን ቆይተን እናወራዋለን። አሁን ይህን ማንበብ አቁምና አባትህን ለምነው፤ ዴስክቶፑን ለጥቂት ቀን ያቆይልህ። ገዢ ከመጣና ሃርድ ዲስኩ ፎርማት ከተደረገ ያን ጊዜ በእውነት ታለቅሳላችሁ። እስካሁን ግን የጠፋ ነገር የለም። ሴቮቻችሁ ላፕቶፑ ላይ ያልታዩት መጀመሪያም ስላልተገለበጡ ነው።

ለምነኸው መጣህ? ጥሩ።

እኛ አገር ጌም ከእጅ ወደ እጅ እንዴት እንደሚሄድ ታውቃለህ። አንዱ በሃርድ ዲስክ ያመጣል፣ ሌላው ፎልደሩን እንዳለ ይገለብጣል፣ ክሊክ ያደርጋል፣ ይጫወታል። ኢንስቶል የሚያደርግ ሰው እምብዛም የለም። ስለዚህ ጌሙም ሴቩም አንድ ፎልደር ውስጥ ያሉ ይመስለናል። አንዳንድ ጌም ላይ እውነትም እንደዚያ ነው። ሳን አንድሪያስ ላይ ግን አይደለም። ጌሙን ሲ ላይ አስቀምጠው፣ ዲ ላይ አስቀምጠው፣ ሴቩ የሚቀመጠው «ዶኪመንትስ» ውስጥ «ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ዩዘር ፋይልስ» የሚባል ፎልደር ውስጥ ነው። እናንተ የገለበጣችሁት ጌሙን ነው። ሴቩ ዴስክቶፑ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል።

ያንን ፎልደር ክፈተው። ስማቸው በጂቲኤኤስኤኤስኤፍ (GTASAsf) ጀምሮ ቁጥር የሚከተላቸው፣ መጨረሻቸው ነጥብ ቢ (.b) የሆነ ፋይሎች ታገኛለህ። ቁጥሩ ከ1 እስከ 8 ነው። ጌሙ ውስጥ ሎድ ስትል የምታያቸው ስምንቱ ቦታዎች እነዚህ ናቸው። ቁጥር 3 የሆነው ፋይል ሦስተኛው መስመር ላይ ይታያል፤ ከዚህ የተለየ ምስጢር የለውም። እያንዳንዱ ፋይል ወደ 200 ኪሎ ባይት ገደማ ነው። ስምንቱም ቢሞሉ 2 ሜጋ ባይት አይሞሉም። እዚያው ውስጥ «ጋለሪ» የሚባል ፎልደርም ታያለህ፤ የጌሙ ዋና ገጸ ባህሪ ሲጄ በካሜራ ያነሳቸው ፎቶዎች ናቸው። «ዩዘር ትራክስ» የሚባለው ደግሞ የራስህን ዘፈን የምትጨምርበት ነው። የፈለግከውን የአማርኛ ዘፈን እዚያ አስገብተህ መኪና ውስጥ ሬዲዮውን ወደ ዩዘር ትራክ ብታዞረው ይዘፍንልሃል። ይህን የማያውቅ ብዙ ሰው ስላለ ነው በዚያው የነገርኩህ።

እንግዲህ ነጥብ ቢ የሚሉትን ፋይሎች በሙሉ ወደ ፍላሽ ኮፒ አድርግ። «ካት» አትበል፤ ኮፒ ብቻ። ፍላሹ ፎልደሮችን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ካለበት በቴሌግራም ለራስህ «ሴቭድ ሜሴጅስ» ላይ ላከው። ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ ካርድም አይበላም። እንደ ፋይል ስለሚሄድ ቴሌግራም አያጨማልቀውም።

ላፕቶፑ ላይ አንድ የምታደናግር ነገር አለች። በአሁኑ ዊንዶውስ ላይ በማይክሮሶፍት አካውንት ስትገባ ዶኪመንትስ የሚባለው ፎልደር ዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማስቀመጫ) ውስጥ ሊገባ ይችላል። ያኔ ሁለት ዶኪመንትስ ይኖርሃል፤ አንዱ እውነተኛው፣ አንዱ ባዶው። ሰው ሴቩን ባዶው ውስጥ ይለጥፍና «አልሠራም» ይላል። ራስህን አታድክም። ጌሙ ላፕቶፑ ላይ አንድ ጊዜ ተከፍቷል ብለሃል፤ ስለዚህ የራሱን ፎልደር ሠርቷል። ሰርች ላይ «ዩዘር ፋይልስ» ብለህ ፈልገውና እሱ የሠራው ውስጥ ለጥፍ።

ሌላም ልጠይቅህ። ላፕቶፑን መጀመሪያ ስትከፍቱት የተጠቃሚውን ስም በአማርኛ ፊደል ነው የጻፋችሁት? ከሆነ እሱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ ጌሞች ዩኒኮድ፣ ማለትም የየቋንቋውን ፊደል የሚያስነብበውን አሠራር፣ አያውቁም። ዶኪመንትስ ያለው በስምህ በተሰየመ ፎልደር ሥር ስለሆነ፣ ስሙ በግዕዝ ፊደል ሲሆን ጌሙ መንገዱን ማንበብ ያቅተዋል። ማንበብ ካቃተው ደግሞ ሴቭ አያደርግም። በላቲን ፊደል የተጻፈ ስም ያለው ሌላ አካውንት ክፈትና ከዚያ ተጫወት። ስሙን ሴቲንግ ገብቶ መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ የፎልደሩ ስም እንደ ድሮው ይቀራልና።

አሁን ብልጭ ብሎ ወደሚጠፋው ጌም እንምጣ። እዚያው ዩዘር ፋይልስ ውስጥ ጂቲኤ ኤስኤ ተብሎ መጨረሻው ነጥብ ሴት (.set) የሆነ ፋይል አለ። የስክሪን መጠን፣ ግራፊክስ፣ ድምፅ፣ የቁልፎች አቀማመጥ የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። አንተ ሴቲንግ ስትነካካ ላፕቶፑ የማይችለው ነገር እሱ ላይ ተጻፈ ማለት ነው። ጌሙ በተከፈተ ቁጥር ያንን ያነባል፣ ይደናገጣል፣ ይዘጋል። ፋይሉን ዲሊት አድርገው። አትፍራ፣ ሴቭህን አይነካም። ጌሙ ሲከፈት አዲስ ይሠራል። የምታጣው ቢኖር የቁልፎችህን አቀማመጥ ነው፤ እሱን እንደገና ታስተካክላለህ። ማውሱ አልንቀሳቀስ ሲልም ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ይኸው ነው። ከዴስክቶፑ ስትገለብጥ ነጥብ ቢ የሚሉትን ብቻ ውሰድ ያልኩህም ለዚሁ ነው፤ የዴስክቶፑ ሴቲንግ ላፕቶፑ ላይ ምን ይሠራል?

ሲከፈትልህ ዲስፕሌይ ሴቲንግ ግባና «ፍሬም ሊሚተር» የሚለውን፣ የጌሙን ፍጥነት የሚገድበውን፣ ኦን አድርገው። ልጆች «ጌሙ ይፈጥናል» ብለው ኦፍ ያደርጉታል። ይህ ጌም እ.ኤ.አ. በ2004 ለፕሌይስቴሽን 2፣ በ2005 ደግሞ ለኮምፒውተር የወጣ ነው። የተለካው በዚያን ጊዜ ፍጥነት ነው። ሊሚተሩ ሲጠፋ የዛሬ ኮምፒውተር ያከንፈውና ሌላ ጉድ ይመጣል። ለምሳሌ ሲጄ ውሃ ውስጥ እጁን እያወራጨ ካለበት አይነቃነቅም። ከዚያ ዋና ያለበት ሚሽን ላይ ሰው ኪቦርዱን ይረግማል።

ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11 ከሆነ «ሳይለንት ፓች» የሚባለውን ነጻ ማስተካከያ ጫንበት። ሳይለንት በሚል ስም የሚታወቅ ፕሮግራመር የሠራው ነው፤ የድሮ ስህተቶችን ይደፍናል እንጂ ጌሙን አይለውጠውም። ስለሱ አንድ ነገር ካልነገርኩህ ይቆጨኛል። ስኪመር የምትባለውን ውሃ ላይ የምታርፍ ትንሽ አውሮፕላን ታውቃታለህ? የዊንዶውስ 11 24ኤች2 ማሻሻያ ሲመጣ ያቺ አውሮፕላን ከጌሙ ድራሿ ጠፋ። ሰው ሁሉ ዊንዶውስን አማ። ሳይለንት ሲመረምረው ግን ጥፋቱ የጌሙ የራሱ ሆኖ አገኘው። የመኪናና የአውሮፕላን ዝርዝር ባለበት ፋይል ውስጥ የስኪመር መስመር ላይ የጎማ መጠን ቁጥሮች ሳይጻፉ ቀርተዋል። ጌሙ ከሷ በፊት የተነበበው መኪና ሜሞሪ ላይ የተወውን ቁጥር እያነሳ 20 ዓመት ሙሉ ኖሯል። አዲሱ ዊንዶውስ በውስጥ አሠራሩ ያንን ቦታ ለራሱ ሲጠቀምበት ቁጥሩ ተበላሸና ጉዱ ወጣ። ይህን የምልህ ለወሬ ብቻ አይደለም። ጌም ሲበላሽ መጀመሪያ የምንወነጅለው ብዙ ጊዜ ንጹሁን ነው። አንተም የአጎትህን ልጅ በቫይረስ ወንጅለሃል፤ እሱም ኮምፒውተራችሁን።

ወደ ማድ ዶግ እንግባ።

ቫይረስ አይደለም። ኮምፒውተራችሁም ጤነኛ ነው። በሴቩ ታሪክ ውስጥ፣ የሆነ ቀን፣ አንድ ሰው ኮድ፣ ማለትም ጌሙን የሚያታልል ቃል፣ ጽፎ ሴቭ አድርጓል።

ኮድ ሁሉ አንድ አይደለም። ሄሶያምን ውሰድ። ያልጻፈው ሰው ያለ አይመስለኝም። ጤና ይሞላል፣ የጥይት መከላከያ ያለብሳል፣ 250,000 ዶላር ይሰጣል፣ አበቃ። ሮኬትማን ብለህ ጄትፓክ ብታመጣም አንድ ጊዜ የሚሰጥ ነገር ነው። የሚያጠፉት ሌሎቹ ናቸው፤ መንገድ ላይ ያለውን ሕዝብ የሚነኩት። እግረኛው እርስ በርሱ ይደባደብ የሚለው፣ ሁሉም ሲጄን ያጥቃው የሚለው፣ ከተማውን ረብሻ የሚያደርገው። እነዚህን ጌም ቤት ያለው ልጅ ሁሉ ደብተር ላይ ገልብጧቸው ይዞራል። ለመሳቅ ደግሞ የሚያስቁት እነሱ ናቸው።

ጌሙ ውስጥ እያንዳንዱ ዓይነት ሰው ከሌላው ጋር ያለው ነገር በመዝገብ ተይዟል። ፖሊሱ ማንን ይጠላል፣ የግሮቭ ስትሪት (የሲጄ ቡድን) ልጅ ማንን ያከብራል፣ ተራው መንገደኛ ማንን ይፈራል። ያልኳቸው ኮዶች ይህን መዝገብ ያምሱታል። ሴቭ ስታደርግ የታመሰው መዝገብ አብሮ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ኮዱን ደግመህ ብትጽፈው አይመለስም። ኮምፒውተር ብትቀይር አይመለስም። ጌሙን አጥፍተህ እንደገና ብትጭነው አይመለስም፤ በሽታው ፋይሉ ውስጥ ነዋ። ጌሙ ራሱም ኮድ ከተጻፈ በኋላ ሴቭ ሲደረግ «ይህን ሴቭ ባታደርገው ይሻላል» ብሎ ያስጠነቅቃል። ግን ማን ያነባል? ሁሉም «የስ» ብሎ ያልፋል።

ይህ ሁሉ ለረጅም ጊዜ ምንም ችግር ላይፈጥር ይችላል። ሚሽኖቹ ያልፋሉ። ሳን ፊየሮ ያልፋል፣ በረሃው ያልፋል። ማድ ዶግ ጋ ስትደርስ ግን ሰውዬው በሚሽኑ መመሪያ መሠረት ጣሪያው ጫፍ ላይ እየተንገዳገደ መኪናዋን መጠበቅ ሲገባው፣ የታመሰው መዝገብ ይበልጥበታል። ጠቡ ይገፋውና ከቆመበት ጫፍ ወደ አየር ይራመዳል። ሚሽኑም ከሸፈ። ይህ ሚሽን ደግሞ የታሪኩ መተላለፊያ ነው፤ ዘለህ የምታልፈው ዓይነት አይደለም። እሱን ካላለፍክ ወደ ሎስ ሳንቶስ መመለሻ የለም።

እርግጠኛ መሆን ትፈልጋለህ? የአጎትህን ልጅ ሴቭ ክፈትና ከቤት ወጥተህ ዝም ብለህ ቁም። ምንም አትንካ። መንገደኛው ያለ ምክንያት ሲደባደብ፣ ሴትዮዋ ሽጉጥ ስታወጣ፣ የመኪና አሽከርካሪው ወርዶ ሲጣላ ካየህ አለቀ። ሎስ ሳንቶስ ውስጥ መጨረሻ አካባቢ ረብሻ የታሪኩ አካል ነው፤ ላስ ቬንቹራስ ላይ ግን ጤነኛ ከተማ እንደዚያ አያደርግም።

«እኔ ጋ ይሠራል» ያለህ ልጅም አልዋሸህም። ሴቩ ይከፈትለታል፣ ይነዳል፣ ይበራል። ያንን ሚሽን ሳይሞክረው ቀርቶ ይሆናል። እሱው ኮምፒውተር ላይ ይሞክረው፤ ማድ ዶግ እዚያም ይዘላል።

መፍትሔው ምንድን ነው? መጀመሪያ ዴስክቶፑ ላይ ያሉትን የራሳችሁን ሴቮች እይ። ምናልባት ወደኋላ የቀረ፣ ግን ንጹሕ የሆነ ይኖራችኋል። ትንሽ ብትደክሙም እኔ ብሆን የምመርጠው ይህንን ነው። ቀጥሎ የአጎትህን ልጅ ስምንቱንም ሴቮቹን ጠይቀው። ኮዱን ከመጻፉ በፊት ያስቀመጠው አንድ አሮጌ ቁጥር ላይ ሊኖር ይችላል። እሱም ከሌለ ሌላ ሰው ንጹሕ ሴቭ ይስጥህ፤ ከዚያ ሚሽን ጥቂት ቀደም ብሎ የቆመ። ሴቭ ከፍተው ያንን የጠላትነት መዝገብ ወደ መነሻው የሚመልሱ ፕሮግራሞችም አሉ። ጎበዝ ሰዎች የሠሯቸው ናቸው፤ ያድናሉም። ግን ፋይሉ መጨረሻ ላይ ጌሙ የሚደምረው የማረጋገጫ ቁጥር አለ፤ በዘፈቀደ ከተነካካ ሴቩ ጭራሽ አይከፈትም። ስለዚህ እሱን መጨረሻ ላይ ሞክረው፤ ከመሞከርህ በፊት ደግሞ ኮፒውን አስቀምጥ። የትኛውንም ሴቭ ከመክፈትህ በፊት ጌሙን ሙሉ በሙሉ ዘግተህ እንደገና ክፈተው፤ ኮድ የተጻፈበትን ጨዋታ አቋርጠህ በዚያው ሎድ አታድርግ።

ከሌላ ሰው ሴቭ ስትቀበል የምትጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ምን ኮድ ጽፈህበታል፣ ጌምህ የትኛው እትም ነው፣ ሞድ (ጌሙ ላይ ሰው የጨመረው ነገር) አለበት ወይ። የመጀመሪያውን ተነጋግረናል። እትሙ ለምን እንደሚያስፈልግ ላስረዳህ። እ.ኤ.አ. በ2005 ጌሙ ውስጥ ተደብቆ የቀረ ለአዋቂ እንኳ የሚያሳፍር ትዕይንት ተገኘና አሜሪካ ውስጥ ትልቅ ጭቅጭቅ ተነሣ። የጌሙ የዕድሜ ደረጃ ተቀየረ፣ ከገበያ ተነሣ፣ ተስተካክሎ ሁለተኛ እትም ወጣ። ከዚያ ወዲህም በኢንተርኔት የሚሸጠው ሌላ ሆነ። ሴቭ ደግሞ ሚሽኖቹ ከተጻፉበት ፋይል ጋር የተሳሰረ ስለሆነ የአንዱ እትም ሴቭ ሌላው ላይ ሊዘጋ ይችላል። የስልክ ሴቭ ለኮምፒውተር አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው «ዴፊኒቲቭ ኤዲሽን» ሴቭም ለድሮው አይሆንም። ሞድን በተመለከተ፣ ሰጪው መኪና ወይም ካርታ የጨመረበት ጌም ላይ ከሆነ የተጫወተው፣ አንተ ጋ ያ መኪና ስለሌለ ጌሙ ክራሽ ማድረጉ አይቀርም።

ሴቩ በዚፕ መጥቶ ውስጡ «ከፍተኸኝ ኢንስቶል አድርገኝ» የሚል ፕሮግራም ካለበት አትክፈተው። የሳን አንድሪያስ ሴቭ አንዲት ነጥብ ቢ ፋይል ናት፤ ኢንስቶል የሚባል ነገር አያስፈልጋትም። ቫይረስ የሚፈራ ሰው መፍራት ያለበት እሱን ነው።

ፋይሉን ከመለጠፍህ በፊት ቁጥሩን እይ። የመጣልህ ቁጥር 1 ከሆነ፣ አንተም ቁጥር 1 ካለህ፣ ዊንዶውስ «ልተካው?» ብሎ ይጠይቅሃል። እሺ ካልከው የወንድምህ ሴቭ ሄደ። ሪኔም አድርገህ ቁጥሩን ወደ ባዶ ቦታ ለውጠው፤ ለምሳሌ 7። ጌሙ አይከፋውም። ከዚያ ክፈተው፣ ፍሎፒ ዲስኳ ምልክት ያለችበት ቤት ግባና ሌላ ባዶ ቦታ ላይ ሴቭ አድርግ፣ ጌሙን ዝጋ፣ ክፈት፣ ያንኑ ሎድ አድርግ። ይህን ካለፈ ይሠራል ማለት ነው። ከወንድምህ ጋርም ዛሬውኑ ተካፈሉ፤ ከ1 እስከ 4 ያንተ፣ ከ5 እስከ 8 የሱ። ስንቱ ቤት በዚህ ተጣልቷል መሰለህ።

በነገራችን ላይ ወንድምህ ስንት ዓመቱ እንደሆነ አልነገርከኝም። ይህ ጌም አውሮፓ ውስጥ 18 የተባለበት ነው። ከዚህ በላይ አልልም፤ ለአባትህ ትቼዋለሁ።

በሰው ሴቭ መጫወት ነውር ነው ወይ ላልከው፣ አይደለም። ብቻህን የምትጫወተው ጌም ነው፤ ማንን ቀደምክበት? ቢግ ስሞክን በሞተር አፈናጥጠህ ባቡር የምታሳድድበት ሚሽን ላይ ስንቱ ጌሙን ትቶ ወጥቷል! በረሃው ላይ ያለው የአብራሪ ትምህርት ቤትም ግዴታ ነው፤ አውሮፕላን አልነዳም ብለህ አታልፈውም። እዚያ የተጣበቀ ሰው ከጓደኛው ሴቭ ቢወስድ እኔ አልስቅበትም። ዜሮ የሚባለው ገጸ ባህሪ በሚሰጣቸው የትንንሽ አውሮፕላን ሚሽኖች ላይ ከሆነ የተጣበቅከው ግን ሴቭ አትለምን። እነሱን ትተሃቸው ታሪኩ ይቀጥላል። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። የአጎትህ ልጅ ሴቭ ላስ ቬንቹራስ ላይ ስለጣላችሁ ወንድምህ ሳን ፊየሮን ምናልባት አላየም። ያ ዳገቱ፣ ጭጋጉ፣ ከምንም የሚነሣው ጋራዥ፤ ከጌሙ በጣም የምወደው እሱን ነው። የራሳችሁ አሮጌ ሴቭ ይሻላል ያልኩህ ለዚህም ጭምር ነው።

የአጎትህ ልጅ ጋ ዛሬ ማታ ደውል። ቴክስት አትላክ፤ ደውል። «ቫይረስ ያልኩህ ተሳስቼ ነው፤ ኮድ ነው» በለው። ይስቃል። ከዚያ የትኛውን ኮድ እንደጻፈ ጠይቀው፤ ምናልባት እሱ ሳይሆን ሴቩን ለሱ የሰጠው ልጅ ይሆናል። ከተማው ላይ ረብሻ ያስነሣ ሰው ሁሉ «እኔ አይደለሁም» ስለሚል አትጫነው። አሮጌ ቁጥር ካለው ይላክልህ። የሱም ሴቭ የታመመ ስለሆነ ንጹሑን ስታገኝ መልሰህ ላክለት።

ንጹሑን ይዘህ ሚሽኑ ጋ ስትደርስ ደግሞ አትቸኩል። ካርቶን የጫነችውን ዋልተን የምትባል መኪና ይዘህ ከግድግዳው ጋር ትይዩ አቁማት። ሰውዬው ግራና ቀኝ ይንገዳገዳል፤ አንተም ወደፊትና ወደኋላ እያልክ ካርቶኑን ከሥሩ አታርቅ። ሲወድቅ ካርቶኑ ላይ ካረፈ ገና አላለቀም። ወደ ሆስፒታል ስትወስደው መኪናዋ በተጋጨች ቁጥር የሱ ጤና ይቀንሳል። ስለዚህ ፍጥነቱ ይቅርብህና መንገድህን ይዘህ ንዳ። እንዳለፍከው ሴቭ አድርግ፤ በሌላ ቁጥር ላይ።